ማንም ሳይነካት የጎደለች ሞገድ

ሞገዷ እየጎደለች ነበር። በላፕቶፑ ጥቁር ገጽ ላይ እንደ ትንሽ ጉብታ ብቅ ብላ ከግራ ወደ ቀኝ ስትጓዝ ለሚያያት ሰው ምንም የሆነች አትመስልም። ጥሩወርቅ ግን የምትመለከተው ጉብታዋን ሳይሆን ከግርጌዋ የሚቀያየሩትን ቁጥሮች ነበር። ከአንድ የተነሣው ቁመቷ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ስድስት ሆነ፤ ጥቂት ቆይቶ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ሁለት ሆነ፤ ጉዞዋን ስትጨርስ ዜሮ ነጥብ ስምንት ዘጠኝ ላይ ቆመ።

መጉደል አልነበረባትም። ጥሩወርቅ ዛሬ ጠዋት፣ በአራት ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሞገዷን የሚያከስመውን ነገር ሁሉ ከስሌቱ አውጥታዋለች። ሰበቃው ዜሮ፣ አቧራው ዜሮ። የሚበላት ነገር በሌለበት ሞገዷ እንደ አነሣሷ እስከ መጨረሻው መዝለቅ ነበረባት።

ዝናቡ የራቢያን ፎቶ ኮፒ ቤት ቆርቆሮ ይደበድባል። ከቤቱ ጀርባ ጄኔሬተሩ ያጓራል። የደብረ ታቦር መብራት ከትናንት ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ስለጠፋ፣ ጥሩወርቅ ከተከራየቻት ክፍል ላፕቶፗን በፌስታል ጠቅልላ ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነበር የመጣችው። ራቢያ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት የተማሪዎችን ጽሑፍ ስታትምና ስትጠርዝ ሰባት ዓመቷ ነው። የጥሩወርቅን የማስተርስ ጽሑፍም አምስት ቅጂ አድርጋ በሰማያዊ ሽፋን የጠረዘችላት እሷ ናት። ቅጂዎቹ ከሁለት ሳምንት በፊት ለፈታኞቹ ተሰጥተዋል። ጽሑፏን በፈታኞች ፊት የምታስረዳበትና የምትፈተንበት ዲፌንስ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ነው።

ሙከራውን የሠራችው ለጥንቃቄ ያህል ነበር። ከፈታኞቹ አንዱ፣ ማክሰሚያውን ብታወጪው ሞገዷ ምን ትሆናለች ብሎ ቢጠይቃት የምታሳየው አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይኑረኝ ብላ። ሩብ ሰዓት የሚፈጅ፣ መልሱም አስቀድሞ የታወቀ ሥራ።

ጥሩወርቅ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ገሳይ በምትባል ትንሽ ከተማ ፊዚክስ ታስተምራለች፤ ክረምት ሲገባ ባሏንና ሁለት ልጆቿን ትታ ደብረ ታቦር እየመጣች ትማራለች። የምታጠናውን ነገር ለተማሪዎቿ ስታስረዳቸው እንዲህ ትላቸዋለች፦ ጋዝ ከመጠን በላይ ሲግል አቶሞቹ ኤሌክትሮኖቻቸውን ይጥላሉ፤ ያ የተበታተነ የጋለ ነገር ፕላዝማ ይባላል፤ መብረቁም ፀሐይዋም እሱ ናቸው። በውስጡ ሞገዶች ይመላለሳሉ። አብዛኞቹ ብዙም ሳይርቁ ይበታተናሉ። አንዳንዷ ግን ብቻዋን፣ ቅርጿን ሳትለቅ፣ አንድ ጉብታ ሆና ትሄዳለች። ሶሊቶን ይሏታል። ከፍ ያለችው ትፈጥናለች። ጉልበቷን ያጣችው ደግሞ ታጥራለች፣ ትሰፋለች፣ ታዘግማለች፤ እንዲህ እያለች ትከስማለች። የጥሩወርቅ ጥያቄ፣ ትከስማለች ወይ የሚል አልነበረም። በምን ያህል ፍጥነት ነው የሚል ነበር።

በጽሑፏ አራተኛ ምዕራፍ ውስጥ ያለው ገጽ ዐርባ ሰባት የዚህ ጥያቄ መልስ ነበር። በፕላዝማው ውስጥ አቧራ ሲኖር ሞገዷ ከሚጠበቀው ወደ እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ከሰመች፤ ጥሩወርቅም ያንን ትርፍ ጉድለት አቧራው የወሰደው ጉልበት ነው ብላ ጻፈች። አማካሪዋ ዶክተር ደሳለኝ ገጹን አንብቦ ከወንበሩ ተነሥቶ እጇን ጨበጣት። በአራት ክረምት ውስጥ እጇን የጨበጣት ያን ቀን ብቻ ነው። ውጤቱን በሁለቱም ስም አሳጥሮ ለአንድ መጽሔት ላከው፤ መጽሔቱም ተቀብሎታል።

አሁን በራቢያ ቤት ጣቷን ወደ ቁልፎቹ መለሰች። ከዚያ አንድ ነገር ለወጠች። ኮምፒውተሩ ሞገዷን የሚያስኬዳት እንደ ውኃ ሳያቋርጥ አይደለም፤ እርምጃ በእርምጃ እያሰላ ነው። የእርምጃውን ስፋት በግማሽ አሳነሰችውና እንደገና አስነሣችው። ጠበቀች። ራቢያ ለሌላ ሰው መታወቂያ ፎቶ ኮፒ አንሥታ ሸኘች። ሞገዷ ስትጨርስ ቁመቷ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ አራት ነበር። እርምጃው በግማሽ ሲያንስ ጉድለቱም ወደ ግማሽ ወርዷል።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ሞገዷን ሲበላት የነበረው አቧራው ብቻ አልነበረም። ስሌቱ ራሱ በየእርምጃው ጥቂት ጥቂት ያፈስስ ነበር። ፕሮግራሙን የጻፈው ደግሞ ዶክተር ደሳለኝ ነው፤ ለዶክትሬቱ ሲማር ጽፎት፣ ተማሪው ስትሆን በፍላሽ ገልብጦ ሰጥቷት፣ ደህና አድርገሽ ያዢው ብሏት ነበር። እሷም ደህና አድርጋ ያዘችው። ከፍታ ልትመረምረው አስባ አታውቅም።

ስልክ ደወለችለት። ከውጭ የተጋበዘችውን ፈታኝ ከባሕር ዳር ይዞ በመንገድ ላይ ነው፤ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። ሦስት ጊዜ ሞከረችና ተወችው።

ራቢያ የጥሩወርቅን ፊት አይታ ምን እንደ ሆነች ጠየቀቻት። ጥሩወርቅም አልደበቀቻትም፤ ገጽ ዐርባ ሰባት ላይ የጻፈችው ልክ እንዳልሆነ፣ ቢያንስ ምን ያህሉ ልክ እንደ ሆነ እንደማታውቅ፣ ሁሉንም እንደገና ለማስላት ሁለት ቀን እንደሚፈጅባትና የቀራት ጊዜ ሁለት ሰዓት እንደማይሞላ ነገረቻት። ራቢያ ጥቂት አሰበችና ፈታኞቹ ሳይነገራቸው ሊያውቁት ይችሉ እንደሆነ ጠየቀች። አይችሉም አለች ጥሩወርቅ። ራቢያ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም። የጄኔሬተሩ ድምፅ መቆራረጥ ሲጀምር ነዳጅ ልትጨምርበት ወጣች።

ጥሩወርቅ ዝም ብትል ምን እንደሚሆን አሰበች። በከተማው የሚከፈት አንድ ኮሌጅ ለመስከረም መምህርት ሊቀጥራት ቃል ገብቶላታል፤ የጠየቃት ውጤቷ «በጣም ጥሩ» እንዲሆንና ማስረጃዋ ከነሐሴ መጨረሻ በፊት እንዲገባ ነው። ልጆቿን ይዛ ትመጣለች፤ ክረምት በመጣ ቁጥር መለያየት ይቀራል። ደግሞስ ማን ይጎዳል? በዚህ ስሌት የሚሠራ ድልድይ የለም፣ የሚፈርስ ቤት የለም። ከዲፌንሱ በኋላ ከዶክተር ደሳለኝ ጋር ተነጋግረው ቀስ ብለው ሊያስተካክሉት ይችላሉ። ሐሳቡ መጥፎ አልመሰላትም። እንዲያውም ከመምህሩ አንጻር ሲታይ ጨዋነት መሰላት። በሰው ፊት የሱን ሥራ ከማጣጣል ይሻላል።

ከዚያ በዲፌንሱ ላይ የገጽ ዐርባ ሰባትን ሥዕል ግድግዳው ላይ አብርታ፣ «ይህን ያህሉን የወሰደው አቧራው ነው» ብላ ስትናገር ራሷን ለመስማት ሞከረች። በልቧ እንኳ ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ አቃታት።

የጠዋቱን ሁለት ሙከራዎች መስመሮች በአንድ ገጽ ላይ አደረገቻቸው፤ በላያቸው ቀኑንና ሰዓቱን ጻፈች። ራቢያ ነዳጁን ጨምራ እጇን እየጠረገች ስትገባ አምስት ቅጂ እንድታትምላት ጠየቀቻት።

ራቢያ ወረቀቶቹን ገና እንደሞቁ አሰባስባ በላስቲክ ከተተችላት። «ሰው ሁሉ እዚህ የሚመጣው ስሕተቱን ሊያስጠፋ ነው» አለች። «ስሕተት ልትጨምር የመጣች አንቺን አየሁ።» ከዚያም የራሷን ጃንጥላ ከበሩ ጀርባ አንሥታ ሰጠቻት።

የፊዚክስ ትምህርት ክፍሉ ሕንፃ ደረጃ ላይ ስትደርስ አራት ሰዓት ሊሆን ዐሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ጉም የግቢውን ባሕር ዛፎች እስከ ወገባቸው ውጧቸዋል። ዶክተር ደሳለኝ ከመኪና ወርዶ ለእንግዳዋ ጃንጥላ ይዞላታል። ረዘም ያለ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ የአንበሳሜ ሰው ነው፤ ሲቆጣ ያየው ተማሪ የለም። እንግዳዋ ዶክተር ገነት ትባላለች። በዚህ ሙያ ውስጥ ስሟ የታወቀ ነው፤ ተማሪ ሲያለቅስባት እንኳ ጥያቄዋን ሳትጨርስ አትተውም ይባልላታል። አጠር ያለች፣ ጸጉሯ የሸበተ፣ በእጇ የጥሩወርቅን ሰማያዊ ጥራዝ የያዘች ሴት ነበረች። በጥራዙ ገጾች መካከል ብዙ ቁርጥራጭ ወረቀቶች ተሰክተዋል።

ጥሩወርቅ ሰላምታ ሰጥታ ወደ መምህሯ ጠጋ አለች። «ዶክተር፣ ከመግባታችን በፊት አምስት ደቂቃ ለብቻዎ ባገኝዎት።»

እሱ ሰዓቱን አየ። የፈታኞቹ ሰብሳቢ ከላይ ሆኖ እየጠራቸው ነበር። ከዲፌንሱ በኋላ እንነጋገራለን፣ አትጨነቂ፣ ጽሑፉ ጥሩ ነው አላት ዶክተር ደሳለኝ። ጥሩወርቅ ከላስቲኩ አንድ ወረቀት መዝዛ ሰጠችው። እሱም ሳያየው አጥፎ ማኅደሩ ውስጥ ከተተውና ደረጃውን ወጣ።

ክፍሉ ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አብረዋት የተማሩ መምህራንና ሦስት አራት የትምህርት ክፍሉ ሠራተኞች። በመጨረሻው ረድፍ፣ መስኮቱ ሥር፣ እናቷ ጌጤ ነበረች። ከገሳይ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጥታለች፤ የጋቢዋ ጫፍ ረጥቧል፤ ጭኗ ላይ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አስቀምጣለች። ልጇን ስታያት ፈገግ አላለችም። ቤተ ክርስቲያን እንደ ገባች ሰው ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

ጥሩወርቅ ለዲፌንሱ በተነሣው የዩኒቨርሲቲው ጄኔሬተር ፕሮጀክተሩን አብርታ ንግግሯን ጀመረች። መጀመሪያ ስለ ፕላዝማው፣ ቀጥሎ ስለ ሞገዷ፣ ቀጥሎ በእጇ ስላወጣችው ስሌት ተናገረች። ድምፅዋ እንደምትፈራው አልተንቀጠቀጠም፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ተማሪ ፊት የቆመ ድምፅ ነው። ሦስተኛውን ምዕራፍ ልትጨርስ ስትል ዶክተር ደሳለኝ እስክሪብቶ ፍለጋ ማኅደሩን ከፈተ። ወረቀቱን አገኘው። ዘረጋው።

እየተናገረች አየችው። ሥዕሉን አየ፤ ከላይ የተጻፈውን ሰዓት አየ፤ እንደገና ወደ ሥዕሉ ተመለሰ። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። ጥሩወርቅ ምልክት ጠበቀች፤ እጁን ቢያነሣ፣ ራሱን ቢነቀንቅ፣ ተይው ቢላት። ፊቱ ምንም አልነገራትም። በእጇ የያዘችውን መቆጣጠሪያ ተጫነችና ገጽ ዐርባ ሰባት ግድግዳው ላይ በራ።

«ይህ ውጤት» አለች፣ «እስከ ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ የማምነው ነበር።»

ወረቀቶቹን ለፈታኞቹ አደለች። ተመልሳም ባለችበት ቆመች። «ሞገዷን የሚነካት ነገር ሳይኖር ከመቶ ዐሥራ አንድ እጅ ጎድላለች። እርምጃውን በግማሽ ስቀንሰው ጉድለቱም በግማሽ ቀነሰ። ስለዚህ አቧራው ወሰደው ካልኩት ውስጥ ምን ያህሉ የአቧራው፣ ምን ያህሉ የስሌቱ እንደ ሆነ አላውቅም። ለገጽ ዐርባ ሰባት እንዳለ ልከራከርለት አልችልም።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ አንድ ወንበር ተንቋቋ። ሰብሳቢው ወደ ዶክተር ደሳለኝ፣ ከዚያ ወደ ዶክተር ገነት ዞረ። ዶክተር ገነት አዲሱን ወረቀት ከጥራዙ ጎን አስቀምጣ ሁለቱን አስተያየቻቸው። ሙከራውን መቼ እንደሠራች፣ የት እንደሠራች፣ እርምጃው ስንት እንደነበረ፣ ሞገዷ ስትጎድል ፍጥነቷም አብሮ ወርዶ እንደሆነ ጠየቀቻት። ጥሩወርቅ አንድ በአንድ መለሰች። ፎቶ ኮፒ ቤት ስትል አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ዶክተር ገነት ግን ጻፈችው።

«ፕሮግራሙን የጻፈው ማን ነው?»

ጥሩወርቅ ይህን ጥያቄ ጠብቃው ነበር። «ያስኬድኩት እኔ ነኝ። መፈተሽ የነበረብኝም እኔ ነኝ» አለች።

«ያልጠየቅሁሽን መለስሽልኝ» አለች ዶክተር ገነት፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ።

ዶክተር ደሳለኝ ከወንበሩ ተነሣ። አማካሪ በዲፌንስ ላይ ሳይጠየቅ አይናገርም፤ ሰብሳቢው ሊያስቆመው እጁን አንሥቶ መልሶ አወረደው። «ፕሮግራሙ የኔ ነው» አለ። «ከዐሥራ ሦስት ዓመት በፊት ነው የጻፍኩት። ሦስት ጽሑፎች አሳትሜበታለሁ። ዜሮ አድርጌ አስኬጄው አላውቅም።» ከዚህ በላይ አልተናገረም። ተቀመጠና መነጽሩን መልሶ አደረገ።

ዶክተር ገነት የተናገረውን በጥራዙ ጠርዝ ላይ ጻፈች። ከዚያ ጥራዙን ዘግታ፣ ፕሮጀክተሩን አጥፍተሽ ጠመኔ ያዢ አለቻት። ኮምፒውተሩን እንርሳው፤ በእጅሽ ያወጣሽውን አሳዪኝ፤ ሰበቃ ሲኖር ሶሊቶን ከተራ ሞገድ ፈጥና የምትጎድለው ለምንድን ነው?

ጥሩወርቅ ወደ ሰሌዳው ዞረች። መጀመሪያ የጻፈችው መስመር ጠማማ ነበር፤ ሁለተኛው ተቃና። ተራ ሞገድ ሦስት እጅ በምትጎድልበት ጊዜ ሶሊቶን አራት እጅ ትጎድላለች፤ ምክንያቱም ጉልበቷ ሲቀንስ ማጠር ብቻ ሳይሆን መስፋትም ግዴታዋ ነው፤ ለስፋቷ የሚሄደውም ከቁመቷ ላይ ይነሣል። ይህን በቃል ሳይሆን በስሌት ነበር የምታሳየው፤ አንዱን እኩልታ ከሌላው እየመዘዘች፣ የማያስፈልገውን በመዳፏ እየጠረገች። ዶክተር ገነት በመሐል አቋረጠቻት፤ ጥሩወርቅም ቆም ብላ አሰበችና መለሰችላት። እንደገና አቋረጠቻት። በዚህ መካከል ጥሩወርቅ ፈተና ላይ መሆኗን ረሳችው። ይህ ክፍል ከማንም ፕሮግራም አልመጣም። ሁለተኛው ክረምት ላይ፣ ከዝናብ በቀር ድምፅ በሌለባት ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ፣ ስድስት ጊዜ ተሳስታ በሰባተኛው ያገኘችው ነው። ሰሌዳው ሞልቶ ወደ ግርጌው ጎንበስ ብላ ስትጽፍ ፈገግ ማለቷን ያወቀችው ከጨረሰች በኋላ ነበር።

ፈታኞቹ ሊመካከሩ ሲቀሩ ሌላው ሰው ወደ ኮሪደሩ ወጣ። እናቷ ቋጠሮዋን እንዳቀፈች መጥታ አጠገቧ ቆመች።

«አሁን አለፍሽ ወይስ ወደቅሽ?» አለቻት።

ጥሩወርቅ ገና እንዳልታወቀ ነገረቻት። እናቷ፣ መጨረሻ ላይ ሰውን ሁሉ ዝም ያሰኘው ነገር ምን እንደ ነበር ጠየቀች። ጥሩወርቅ ጠመኔ የነካውን እጇን እያራገፈች አሰበች። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ ገብስ ስትሰፍር የኖረች ሴት ናት። «የሰፈርኩበት ቁና ያፈስስ ነበር» አለቻት። «እኔ ግን የጎደለውን አይጥ በላው ብዬ ጻፍኩ።»

«ማፍሰሱን ማን አየው?»

«እኔ ነኝ ያየሁት።»

«ከተሸጠ በኋላ ነው ወይስ ሳይሸጥ?»

ጥሩወርቅ መጽሔቱ ገና እንዳላተመው አስታወሰች። «ሳይሸጥ» አለች።

«ታዲያ ምን ሆነሻል?» አለች ጌጤ። የተጠየቀው ሁሉ ተመልሶ ያለቀ ይመስል የጋቢዋን ጫፍ ጨምቃ ትከሻዋ ላይ መለሰችው። ከዚያም በኮሪደሩ መጨረሻ መስኮቱ አጠገብ ብቻውን የቆመውን ዶክተር ደሳለኝን አየችና ቁናው የሳቸው እንደሆነ ጠየቀች። ጥሩወርቅ በራሷ ንቅናቄ አዎ አለቻት። እናቷ ለአፍታ ተመለከተችው። «ቁርስ በልተዋል?» አለች።

ጥሩወርቅ ወደ መምህሯ ሄደች። ወረቀቱ አሁንም በእጁ ነበር። ደረጃው ላይ ልትነግረው የፈለገችው ይህን እንደሆነ ጠየቃት፤ አዎ አለችው። ስልክም ደውላ እንደነበር ነገረችው። እሱ ወረቀቱን በእጥፋቱ መልሶ አጠፈው።

«ላስቆምሽ ፈልጌ ነበር» አለ። «አሟታል ብዬ ልነሣ። ያልተነሣሁት ከጨዋነት እንዳይመስልሽ፤ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ነው። አንቺ ስትናገሪ ነው የታዘዘኝ።»

ነገ ለመጽሔቱ ጽፎ ጽሑፉን እንደሚያስቆመው፣ የሌሎቹንም ሦስት ጽሑፎች ስሌት ከመጀመሪያው እንደሚያየው ነገራት። ሲናገር ከደከመ ሰው ይልቅ ብዙ ጊዜ ቆሞ ቆይቶ የተቀመጠ ሰው ይመስል ነበር።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተጠርተው ገቡ። ሰብሳቢው ውሳኔውን አነበበ። ዲፌንሱን አልፋለች። ውጤቱ ግን አራተኛው ምዕራፍ እንደገና ተሠርቶ እስኪቀርብ ድረስ ይቆያል፤ ለዚህም ሦስት ወር ተሰጥቷታል። ሰዎች አጨበጨቡ። ጥሩወርቅ እያመሰገነች ጎንበስ ስትል ነሐሴ ሊያልቅ ስንት ቀን እንደቀረው አሰበች፤ የኮሌጁ ነገር ለዚህ ዓመት አበቃ ማለት ነው። መስከረም ላይ ገሳይ ትመለሳለች፤ ያው ክፍል፣ ያው ሰሌዳ፣ በመስኮቱ የሚገባው ያው የጉና ተራራ ብርድ። የሚከፋት መስሏት ጠበቀች። የመጣላት ግን ዘጠነኛ ክፍል የሚገቡት አዲስ ተማሪዎችና የመጀመሪያው ሳምንት ግርግር ነበር። ለባሏ ደውላ ማለፏን ብቻ ነገረችው፤ ሌላውን ስመጣ አጫውትሃለሁ አለችው። ከስልኩ ጀርባ ልጆቹ ሲጯጯሁ ተሰማት።

ዶክተር ገነት ወደ ባሕር ዳር ልትመለስ መኪና ተዘጋጅቶላት ነበር፤ ሆኖም ሾፌሩ ጉሙ ቁልቁለቱን ስለሸፈነው ጥቂት ይገለጥ አለ። ስለዚህ ሁሉም ወደ ዶክተር ደሳለኝ ቢሮ ገቡ። መብራት መጥቷል። ጌጤ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ቋጠሮዋን ፈታችው፤ ቅቅል ድንች ነበር፣ ጎኑ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ሚጥሚጣ። ለመምህሩ መጀመሪያ ሰጠችው። እሱ እጁን ለመታጠብ ሲያመነታ፣ ይብሉ፣ ሲበርድ አይጥምም አለችው። ቀጥላ ለእንግዳዋ ሰጠች። ዶክተር ገነት ልጣጩን በጥፍሯ እየላጠች፣ ከብዙ ዓመት ወዲህ እንዲህ ያለ ድንች እንዳልበላች ተናገረች። ጌጤም የጉና ሥር አፈር መሆኑን ነገረቻት፤ ሁለቱ ስለ ዘር ድንች ማውራት ጀመሩ።

ደሳለኝና ጥሩወርቅ ፕሮግራሙን ከፈቱት። የድሮ ሥራውን አብራው ስታነብበው በመጀመሪያ አፈረ፤ ወዲያው ግን ሁለቱም ረሱት። የሚያፈስሰውን መስመር እሷ አገኘችው፤ ሞገዷ በየእርምጃው ወደ ኋላ ብቻ እያየች ነበር የምትሄደው። ወደ ፊትም ወደ ኋላም እኩል እንድታይ አድርገው ጻፉት። እርምጃውንም አሳነሱ። ጥሩወርቅ ሰበቃውንና አቧራውን እንደ ጠዋቱ ዜሮ አደረገችና አስነሣችው።

ጉብታዋ ተጓዘች። ቁመቷ አንድ ነበር፤ መሐል መንገድ ላይም አንድ ነበር። ስትጨርስ የጎደላት ከሺህ አንድ እጅ አይሞላም። ደሳለኝ በረጅሙ ተነፈሰ።

ጌጤ ከወንበሯ ተነሥታ በልጇ ትከሻ በኩል አየች። «ይህችው ናት?» አለች። «አራት ክረምት ሙሉ?»

«ይህችው ናት።»

እናቷ ሞገዷ እንደገና ከመነሻዋ ስትነሣ አየቻት፤ እስከ ዳር ድረስ በዐይኗ ሸኘቻት። «ታምራለች» አለች።

ዶክተር ገነት ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች። አሁን ማክሰሚያውን መልሺባት አለች፤ መጀመሪያ ሰበቃውን፣ በላዩ አቧራውን። ጥሩወርቅ ቁጥሮቹን ጻፈች። ደሳለኝ፣ ምን ይመስልሻል፣ ለአቧራው የሚተርፍለት ነገር ይኖራል ብለሽ ታስቢያለሽ ብሎ ጠየቃት። አላውቅም አለችው። ቃሉ እንዲህ ቀልሎ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

በውጭ የመኪናው ጥሩምባ ተሰማ፤ ጉሙ ሳይገለጥ አልቀረም። ዶክተር ገነት አልተነሣችም። ጥሩወርቅ ቁልፉን ተጫነች። ጉብታዋ ከግራው ጠርዝ ብቅ አለች፤ አራቱም ድንቻቸውን በእጃቸው እንደያዙ ጎንበስ አሉ።